የተቃጠለ ሰው አስታማሚ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

"ሲስተር፣ ፊቱ እንደዚህ አብጦ እያለ ደግሞ ግሉኮስ ትጨምሩበታላችሁ?"

የቃጠሎ ታካሚ በተኛበት ክፍል ይህን የማይጠይቅ አስታማሚ የለም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ "ቁስሉን ለምን ትፍቁታላችሁ? ሊደርቅለት ነበር እኮ" ይመጣል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ "የተቃጠለው እጁ ነው፣ ጭኑ ምን በደለ?" ይባላል።

ጥያቄዎቹ ልክ ናቸው። የቃጠሎ ህክምና ከውጭ ሲያዩት ግራ ያጋባል፣ አንዳንዴም ጭካኔ ይመስላል። ሐኪሞቹ ደግሞ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቁጭ ብለው አያስረዱም። እዚህ ላይ አንድ በአንድ ልሞክር። ከመጀመሪያው ግን ይህን ያዙልኝ፦ ቃጠሎ እሳቱ ሲጠፋ አይቆምም። ከዚያ በኋላ ለሰዓታትና ለቀናት ሰውነት ውስጥ እየሠራ ይሄዳል። ህክምናው በሙሉ እሱን ለመቅደም የሚደረግ ሩጫ ነው። ሩጫው የሚጀምረው ደግሞ ሆስፒታል ሳይሆን ቤት ነው።

ጅማ ላይ እሳት የማይነድበት ቤት አታገኙም። ከሰሉ ምድጃው ላይ፣ ጀበናው ከሰሉ ላይ፣ ልጁ ረከቦቱ ሥር። ሽሮው ይንተከተካል፣ የእንጀራ ምጣዱ ይግላል፣ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይወጣል፣ አንዱ ደግሞ በሃይላንድ የገዛውን ቤንዚን ጥግ ላይ አስቀምጦ ረስቶታል። ትንንሽ ልጆችን በብዛት የሚያቃጥላቸው ነበልባል አይደለም፤ ፍል ውሃ፣ ሻይ፣ ወጥ ነው። አዋቂ ላይ ደግሞ ነበልባሉ ይበዛል።

እንግዲህ ተቃጠለ እንበል። የሚጋየው ልብስ ከሆነ እንዳይሮጥ ያዙት፤ ሲሮጥ እሳቱ ይብሳል። መሬት ላይ ይንከባለል፣ ወይ ጋቢ ጣሉበትና አፍኑት። ከዚያ ውሃ። የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነው፣ ከሱ የሚቀድም ነገር የለም። ቀዝቃዛ፣ ግን በረዶ ያልሆነ፣ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ካላያችሁ በሦስተኛው ደቂቃ "በቃው" ማለታችሁ አይቀርም። ሙቀቱ ግን ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ላዩ ሲቀዘቅዝ ታችኛው ገና እየተቃጠለ ነው፣ ውሃው የሚያስቆመው ያንን ነው። ወዲያው ባይመች እንኳ ከተቃጠለ ሦስት ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ይጠቅማል፣ ስለዚህ "አሁንማ ቆየ" ብላችሁ አትተዉት።

ቧንቧው ውሃ ከሌለው (ጅማ ውስጥ ቧንቧ መኖሩና ውሃ መኖሩ ለየቅል ነው) ጀሪካኑን አንሱና በጆግ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። ውሃው ትንሽ ከሆነ ንጹህ ጨርቅ ነክራችሁ አልብሱት፣ ጨርቁ ሲሞቅ እንደገና ንከሩት። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ ጠባብ ልብስ ወዲያው ይውለቅ፣ ሲያብጥ አይወጣም። ሕፃን ከሆነ ዳይፐሩን አትርሱ፣ ፍል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አትጎትቱ፣ ዙሪያውን ቁረጡና የተጣበቀውን ተዉት። ውሃው የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ ይፍሰስ፣ የቀረው አካል ይሸፈን፣ በተለይ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል።

ከዚያ ንጹህ ነገር አልብሶ መሄድ ነው። ታጥቦ የደረቀ ነጠላ ወይም አንሶላ ይበቃል።

ሌላ ምንም አትቀቡበት። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ ጭቃ፣ የፀጉር ቅባት። እኛ ጋ ደግሞ የተፈጨ ቡና አለ፣ ጅማ ነንና ቡና የማንሞክርበት ነገር የለም። ቡናውን ጠጡት። እነዚህ ነገሮች ሙቀቱን ከውስጥ ያፍኑታል፣ ጀርም ይዘው ይገባሉ፣ የቁስሉን ጥልቀትም ይደብቃሉ። በኋላ ቁስል አጣቢው እሱን ፍቆ ለማንሳት ሲታገል የሚያመው ታካሚውን ነው። ስለ ማር የሚከራከረኝ አይጠፋም፣ ማር አገር ነውና እረዳዋለሁ። ማር ለአንዳንድ ቀላል ቃጠሎ እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። ያ ማር ግን ተጣርቶ በጨረር ከጀርም የጸዳ፣ ለህክምና ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ከቀፎው ወጥቶ በቅል የመጣው እሱ አይደለም።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ቆጣሪው ሳይጠፋ ሰውየውን አትንኩት። የባትሪ አሲድ ወይም ሌላ ኬሚካል ከሆነ ደግሞ 20 ደቂቃም ላይበቃ ይችላል፣ ብዙ ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ።

ማን ሆስፒታል ይሂድ? የታካሚው መዳፍ ከሚያክል ቦታ በላይ ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ቃጠሎ ያለበት ይሂድ። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ይሂድ። ክንድን ወይም ጣትን ዙሪያውን የከበበ፣ የኤሌክትሪክ፣ የኬሚካል፣ ጭስ የታፈነ፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ስኳር ያለበት፣ እነዚህ ሁሉ ቤት አይታከሙም። አንድ አሳሳች ነገር ደግሞ አለ። ነጭ የሆነ ወይም የከሰለ፣ እንደ ቆዳ ጫማ የደረቀ፣ ሲነኩት የማያም ቃጠሎ ቤተሰብን ያጽናናል፣ "ህመሙ ለቀቀው" ይባላል። የማያመው ህመሙን የሚናገረው ነርቭ አብሮ ስለተቃጠለ ነው። ከሁሉም ጥልቁ እሱ ነው።

አሁን ሆስፒታል ደረስን።

ሐኪሙ ቁስሉን ከማየቱ በፊት ታካሚውን ያናግረዋል። ወሬ የያዘ ይመስላችኋል፣ ድምፁን ነው የሚያዳምጠው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቃጠለ ሰው ድምፁ ከሻከረ፣ የአፍንጫው ፀጉር ከተለበለበ፣ አክታው ጥላሸት ካለበት የመተንፈሻ ቱቦው ተቃጥሏል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው እያወራ ይገባና ከሰዓታት በኋላ ጉሮሮው አብጦ ይዘጋል። ስለዚህ ገና እየተነፈሰ ሳለ ቱቦ ሊያስገቡለት ይችላሉ፣ ካበጠ በኋላ ማስገባት በጣም ከባድ ስለሆነ። "ደህና እያወራ አይደል እንዴ?" ብላችሁ አትከልክሉ። የከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ደግሞ ኦክሲጅን በብዛት ይፈልጋል። ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ ትንሽ መሣሪያ 98 ብታሳይም እዚህ ላይ አትታመንም፣ የከሰሉን መርዝና ኦክሲጅንን መለየት አትችልም።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ሁለት ነገር ይለካል፣ ጥልቀትና ስፋት። ላዩን ብቻ የቀላው፣ ፀሐይ እንደመታው ዓይነት፣ በቀናት ውስጥ ይድናል፣ ከስፋቱም አይቆጠርም። ውሃ የቋጠረውና ሲነኩት የሚያቃጥለው መሐከለኛ ነው፣ ብዙው በሁለት ሦስት ሳምንት ራሱ ይሽራል። የጠለቀው ግን ራሱን መተካት አይችልም፣ አዲስ ቆዳ የሚያበቅለው ሥር ጠፍቷል።

ስፋቱ የሚለካው በመቶኛ ነው። የታካሚው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። ለትልቅ ቃጠሎ ደግሞ የዘጠኝ ስሌት አለ። የአዋቂ ራስና አንገት 9፣ እያንዳንዱ ክንድ 9፣ ከፊት ደረትና ሆድ 18፣ ጀርባ 18፣ እያንዳንዱ እግር 18፣ የቀረችው 1 ብልት አካባቢ። ደምሩት፣ 100 ይመጣል። ሕፃን ላይ ይህ አይሠራም። የሕፃን ራሱ ትልቅ ነው፣ ራስና አንገቱ ብቻ 18 በመቶ አካባቢ ይሆናል፣ እያንዳንዱ እግሩ ደግሞ ወደ 14 ይወርዳል። ፊቱና ራሱ ላይ ሻይ የተደፋበት ልጅ "ትንሽ ነው የተቃጠለው" ተብሎ የሚያታልለውም ለዚህ ነው።

ወደ ግሉኮሱ ጥያቄ ልመለስ፣ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው ያለው።

ቃጠሎው ሰፊ ሲሆን፣ አዋቂ ላይ ከ15 ወይም 20 በመቶ፣ ልጅ ላይ ከ10 በመቶ ሲያልፍ፣ የተቃጠለው ቦታ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። በመላ ሰውነት ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ወንፊት ይሆናሉ። የደሙ ውሃ በነሱ እየወጣ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ፊቱ የሚያብጠው፣ ዓይኑ የሚጨፈነው፣ እጁ የሚነፋው በዚህ ነው። ከውጭ ውሃ የሞላው ይመስላል፣ ደም ሥሩ ውስጥ ግን ድርቅ ነው። ውሃ ካልተተካለት ደሙ ይወፍራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ከባድ ቃጠሎ በመጀመሪያው ቀን የሚገድለው ብዙ ጊዜ እንዲህ አድርጎ ነው፣ ቁስሉ ገና ምንም ሳይመረቅዝ።

ምን ያህል ይሰጠው? አሜሪካ ዳላስ ውስጥ ፓርክላንድ በሚባል ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ቻርልስ ባክስተር የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1968 ከባልደረባው ጋር ያወጣው ቀመር አለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ዛሬም ዓለም ሁሉ ከሱ ይነሳል። 4 ሚሊ ሊትር፣ በኪሎ ክብደት ተባዝቶ፣ በቃጠሎው መቶኛ ተባዝቶ። ለ24 ሰዓት የሚሆነው ይሄ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሪንገር ላክቴት የሚባል ጨዋማ ፈሳሽ ነው። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት፣ ቀሪው ግማሽ በሚቀጥሉት 16 ሰዓታት ይገባል።

እስኪ እናስላው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 30 በመቶ ተቃጥሏል። 4 ሲባዛ በ60 ሲባዛ በ30፣ 7,200 ሚሊ ሊትር። ሰባት ሊትር ከሁለት መቶ! ግማሹ 3,600 በ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 450 ነው። ለዚህ ነው ከረጢት በከረጢት ላይ የሚሰቀለው።

ሁሉም የሚስተው ነገር አሁን ይመጣል። ስምንቱ ሰዓት የሚቆጠረው ሆስፒታል ከደረሰበት አይደለም፣ ከተቃጠለበት ደቂቃ ነው። ሰውየው ከአጋሮ ወዲያ ካለ ገጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተቃጠለ እንበል። መኪና ተፈልጎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ብር ተዋጥቶ ጅማ የገባው 5 ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ማለቅ ያለበት 10 ሰዓት ላይ ስለሆነ የቀረው አምስት ሰዓት ብቻ ነው። 3,600 ለ5፣ በሰዓት 720። የባከነውን ሦስት ሰዓት ነርሷ በፍጥነት ለመተካት ትሞክራለች፣ ኩላሊቱ ግን እስከዚያ ሲጠማ ቆይቷል። ስለዚህ "መቼ ነው የተቃጠለው?" ስትባሉ በደፈናው "ጠዋት" አትበሉ። ሰዓቱን ተናገሩ። በመንገድ ላይ ጤና ጣቢያ ካለ ደግሞ አትለፉት። ከቦንጋ ወይም ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ታካሚ ጤና ጣቢያው ላይ መርፌው ገብቶለት፣ ፈሳሹ ተጀምሮለት ቢመጣ ብዙ ነገር ይተርፋል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ስንት ከረጢት እንደገባ ይጻፍ፣ ወረቀቱንም ኪሳችሁ ውስጥ አትርሱት።

ቀመሩ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እውነተኛው መለኪያ ሽንት ነው። ቱቦ የሚገባለትና በየሰዓቱ የሚለካው ለዚያ ነው። አዋቂ በሰዓት በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት፣ የ60 ኪሎው ሰውዬ 30 ማለት ነው። ልጅ በኪሎ 1 ገደማ። ካነሰ ፈሳሹ ይጨመራል፣ ከበዛ ይቀነሳል። ምክንያቱም መብዛቱም ይጎዳል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ እብጠቱንም ያባብሰዋል። አስታማሚ ሆናችሁ የሽንት ከረጢቱን "ልርዳቸው" ብላችሁ ሳይለካ አትድፉት። እባካችሁ።

በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ሰው ለብቻው ይታያል። ከላይ ኤሌክትሪኩ በገባበትና በወጣበት ቦታ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ሊታይ ይችላል፣ ውስጡ ያለው ጡንቻ ግን በስሏል። የሞተው ጡንቻ ኩላሊትን ይዘጋል፣ ሽንቱ ኮካ ኮላ ይመስላል። ልቡም በኢሲጂ፣ የልብ ምት በሚመዘግበው መሣሪያ፣ ይታያል። "ትንሽ ነዘረው" ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም።

አንዳንዴ ሐኪሞች ገና በመጀመሪያው ቀን ክንዱን ከላይ እስከ ታች ሲሰነጥቁት ታያላችሁ። ያስደነግጣል። ጠልቆ የተቃጠለ ቆዳ ይደርቃል፣ አይለጠጥም። ክንዱን ዙሪያውን ከከበበው፣ ውስጡ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፣ ደም ወደ ጣት መድረስ ያቆማል። ስንጥቁ ያንን ይለቃል። ደረት ላይ ከሆነ ደግሞ መተንፈስ እንዲችል ነው። ካልተሰነጠቀ እጁ ሊቆረጥ ይችላል።

አሁን ስለ ቁስሉ መፋቅ። ቁስሉ ላይ የሚተኛው የሞተ ቆዳና ፈሳሽ ለጀርም ምግብ ነው። ቃጠሎ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የሚገድለው በዋናነት በኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ ይታጠባል፣ የተላጠው ይነሳል፣ ይቀባል፣ ይታሸጋል። የሚያም ነገር ነው፣ አልዋሽም። ማስታገሻ ቁስሉ ከመታጠቡና ከመታሸጉ በፊት እንዲሰጠው ጠይቁ፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ሞርፊን ሲባል "ሱስ ይይዘዋል" ብላችሁ አትፍሩ። ሐኪም እየተከታተለ ለቃጠሎ ህመም የሚሰጠው ሱስ የሚያሲዘው ከስንት አንድ ነው፣ ህመሙ ግን እንቅልፉንም የምግብ ፍላጎቱንም ነጥቆ ያደክመዋል። ነጩ የብር ቅባት፣ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የሚባለው፣ ጀርም ይቀንሳል፣ ላዩን ለተቃጠለ ግን መዳኑን ሊያዘገየው ስለሚችል ሁሌም አይታዘዝም። መንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ይወጋል። አንቲባዮቲክ ግን ቁስሉ ሳይመረቅዝ "ለጥንቃቄ" አይሰጥም። አስታማሚዎች በዚህ ይቆጣሉ፣ ከፋርማሲ ገዝተው የሚያመጡም አሉ። ያለ ኢንፌክሽን የተወሰደ አንቲባዮቲክ ቃጠሎን አያድንም፣ የሚያተርፈው መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችን ነው፣ በኋላ እውነተኛው ኢንፌክሽን ሲመጣ የሚሰጥ ነገር ይጠፋል።

አሁን ወደ ጭኑ።

ድሮ የጠለቀ ቃጠሎ እንዲሁ ይጠበቅ ነበር። የሞተው ቆዳ በራሱ እስኪረግፍ ሳምንታት ይፈጃል፣ የሚረግፈው ደግሞ በመግል ነው። በዩጎዝላቪያ፣ ዛሬ ስሎቬኒያ በሆነችው ክፍል፣ ማሪቦር ከተማ የምትሠራ ዞራ ያንዜኮቪች የምትባል ሐኪም ሌላ መንገድ አሳየች። የሞተውን ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቢላ ስስ ስስ አድርጋ፣ ደም የሚያነጥብ ጤነኛ ሥጋ እስኪመጣ ትልጣለች፣ ወዲያው የራሱን የታካሚውን ቆዳ ታለብሰዋለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ጻፈችው። ኢንፌክሽኑም ቀነሰ፣ አልጋ ላይ የሚቆየውም አጠረ። "ገና ያልበሰበሰውን ለምን ይቆርጣሉ?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው፣ እስኪበሰብስ መጠበቅ ስለማያዋጣ። ደም ስለሚፈስ ግን ደም ለጋሽ ያስፈልጋል፣ ዘመዶች ኮሪደር ላይ ተሰብስባችሁ ከምታለቅሱ ደም ባንክ ሂዱ።

የሚወሰደው ቆዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ ሽፋን ነው። ሥሩ እዚያው ጭኑ ላይ ስለሚቀር፣ ጭኑ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ይሸፍናል። ሰፊ ቦታ ማልበስ ሲያስፈልግ ቆዳው በመሣሪያ ተበስቶ እንደ መረብ ይለጠጣል፣ በኋላ ያ የመረብ መልክ ጠባሳው ላይ ሊቀር ይችላል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያመው የተለጠፈበት ሳይሆን የተወሰደበት ነው። ምንም የተበላሸ ነገር የለም፣ የተላጠ ቆዳ ያማል።

የተለጠፈው ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖረው ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው፣ ከዚያ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያያይዙታል። እስከ አምስት ቀን ድረስ ከተንሸራተተ ወይም ሥሩ ደም ከቋጠረ ይሞታል። ፋሻውን "እስኪ ልየው" ብሎ መግለጥ የለም።

"ከኔ ውሰዱለት" የሚል አባት አይቻለሁ፣ እጅጌውን ሰብስቦ። ልብ ይነካል። ሆኖም የሌላ ሰው ቆዳ፣ የአባትም ቢሆን፣ ለጥቂት ሳምንታት ሽፋን ሆኖ ቢያገለግል እንጂ አይዘልቅም፣ ሰውነቱ ይጥለዋል። የሚቀበለው የራሱን ወይም የተመሳሳይ መንታውን ብቻ ነው። አባትየው የሚሰጠው ሌላ ነገር አለ፣ ደምና ምግብ።

ምግብ ስል ቀልድ አይደለም። የተቃጠለ ሰውነት ተኝቶም ቢሆን በከፍተኛ ፍጥነት ያቃጥላል። ካልበላ ጡንቻውን ይበላል፣ የተለጠፈውም ቆዳ አይይዝም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። አጥሚት ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ወተት ይግባበት። ልጅ እምቢ ካለ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል፣ ቱቦው "የመጨረሻ ደረጃ" ምልክት አይደለም። የጾም ነገርም አለ። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም፣ ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው መንገድ አለው። የሚከብዳቸው ካሉ ሼኩን ወይም የንስሐ አባታቸውን ስልክ ደውላችሁ አልጋው አጠገብ አነጋግሩአቸው። እናት ከነርሷ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

ብዙ ሰው ተርፎ፣ ቁስሉም ድኖ፣ በኋላ የሚጎዳበትን ነገር ልንገራችሁ። ጠባሳ ሲድን ይሸበሸባል፣ ይጎትታል። አንገቱ የተቃጠለ ሰው ትራስ ሲያደርጉለት ይመቸዋል፣ አገጩ ግን ቀስ እያለ ደረቱ ላይ ይጣበቃል። ክርኑን አጥፎ የተኛ ልጅ ታጥፎ ይቀራል። ጣቶቹን የጨበጠ እንደጨበጠ። ለዚህ ነው ትራሱን የሚወስዱባችሁ፣ እጁን በጀሶ ወይም በእንጨት ዘርግተው የሚያስሩት፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ልጁ እያለቀሰ የሚያዘረጋው። እኛ ሰው ሲያመው "ተዉት ይረፍ" እንላለን፣ ቸርነት ነው። ቃጠሎ ላይ ግን ያ ዕረፍት እጅ ያሳጣል። ነርሷ የምታሳያችሁን እንቅስቃሴ እናንተ በቀን ደጋግማችሁ አሠሩት፣ እሷ ለሁሉም አትደርስም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ምድጃ አጠገብ ሲወድቅ የሚደርሰው ቃጠሎ ከሁሉም ይከፋል፣ ራሱን ስለማያውቅ አይሸሽም። ሌላው ቀርቶ "ይጋባል" ብለው ሳያነሱት የሚቆሙ አሉ። አይጋባም። ጎትታችሁ አውጡት። ክብሪት ለኩሳችሁ አፍንጫው ሥር አትያዙበት፣ ያ ራሱ ያቃጥላል እንጂ መንቀጥቀጡን አያቆምም። በጎኑ አስተኙትና እስኪያልፍለት ጠብቁ፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን ወደ ህክምና ነው። መድኃኒቱ ፊኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያም ይገኛል፣ በየቀኑ ከተዋጠ ብዙ ሰው ላይ መጣሉን ይቀንሳል። ቃጠሎው ድኖ መድኃኒቱ ሳይጀመርለት ወደ ምድጃው የሚመለስ ሰው ግን እንደገና ይመጣል።

የት ትሂዱ? ቀላሉን ጤና ጣቢያ ያክመዋል። ለከባዱ፣ ለደቡብ ምዕራቡ በሙሉ ዋናው ሪፈራል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው። ግን አስተውሉ፣ ፈሳሹ ሳይጀመርለት፣ አተነፋፈሱ ሳይረጋገጥለት "በቀጥታ አዲስ አበባ" ብሎ በሚኒባስ ረጅሙን መንገድ መጀመር አደገኛ ነው። እዚሁ ይረጋጋ፣ ከዚያ ሐኪሙ ከወሰነ ይሂድ። የጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን ያዙ።

ከወጣ በኋላ ማሳከኩ ለወራት ይቀጥላል፣ ሌሊት ይብሳል። ቫዝሊን ይቀባ፣ ጥፍሩ ይቆረጥ፣ ሐኪሙ የማሳከክ ክኒን ሊጽፍለት ይችላል። አዲሱን ቆዳ ፀሐይ እንዳያገኘው ይሸፈን፣ አለዚያ ይጠቁራል። ጠባሳው መጀመሪያ ላይ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠነክራል፣ እስከ አንድ ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት ድረስ እየተለወጠ ይሄዳልና ሦስተኛው ወር ላይ ባያችሁት ተስፋ አትቁረጡ። ፊቷ የተቃጠለች ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም ብትል እልህ አይደለም፣ ከመምህሯ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩላት።

ልጅ ከሆነ ቀጠሮው አያልቅም። ልጁ ያድጋል፣ ጠባሳው ግን አብሮት አይለጠጥም። በአራት ዓመቱ ደህና የነበረ ክርን በዘጠኝ ዓመቱ ላይዘረጋ ይችላል። ያኔ በቀዶ ጥገና ይለቀቃል፣ ቆዳም ይጨመርበታል። ዓመታት ያለፉት የታጠፈ ጣትም ሆነ የተጣበቀ አንገት፣ ብዙ ጊዜ ማሻሻል ይቻላል። ጎረቤታችሁ ውስጥ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ልጅ ካለ ይህን ለእናቱ ንገሯት።